በጦርነቱ ወራት የተወለዱ ልጆች ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው



አንዲት እናት ከእሑድ አምልኮ በኋላ የልጇን እጅ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። «ፓስተር፣ መስከረም ሲጠባ ኬጂ ላስገባው ነው። ኤቢሲዲውን ከሞላ ጎደል ይላል፤ ቁጥርም እስከ ሃያ ይቆጥራል። ሌላ ምን ላስጠናው?» አለችኝ። እኛ ስንነጋገር ልጁ የእናቱን ነጠላ ጫፍ በእጁ ላይ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ሰላም ልለው እጄን ስዘረጋ ከኋላዋ ተሸሸገ። እናቱ የረሳችውን ቦርሳ ከአዳራሽ አምጥታ እስክትመለስ ድረስ እኔ ዘንድ እንዲቆይ ብንለምነው ግቢው እስኪናወጥ ጮኸ። ቦርሳውንም ሌላ ሰው አመጣላት።

የእናቲቱ ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በየቤቱ ይጠየቃል። ልጁን ካየሁ በኋላ ግን መልሴን በፊደል መጀመር አልቻልኩም። ፊደሉንስ ያውቃል። ያልያዘው ነገር እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር ተመልሳ እንደምትመጣ ማመንን ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጉዳይ ነው። የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ በግልጽ ብንነጋገርበት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው?

እስቲ ጊዜውን አብረን እናስላ። የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን የያዙት ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነበር። መርሳን ጨምሮ የሐብሩ ወረዳም በዚያው ሰሞን ተያዘ። አካባቢው ወደ መንግሥት እጅ የተመለሰው ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አራት ወራት መብራት አልነበረም፤ ስልክ አልነበረም፤ ባንክ ተዘግቶ ነበር፤ የጤና ተቋማትም ተዘርፈው ነበር። ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ ሸሸ። ጥቅምት 2014 ሊያልቅ ሲል ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ደግሞ ከደሴ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ እንደገና ተሰደደ።

እናቶች በእነዚያ ወራትም ይወልዱ ነበር። አንዱ ልጅ በኩራዝ ብርሃን፣ አንዱ በስደት መንገድ፣ አንዱ በዘመድ ቤት ወለል ላይ ተወለደ። እነዚያ ሕፃናት በ2018 የትምህርት ዘመን አራት ዓመት ሞልቷቸዋል። መስከረም 2019 ደግሞ አምስት የሞላቸውና ሊሞላቸው የተቃረቡት ናቸው በየመዋዕለ ሕፃናቱ ደጃፍ የሚሰለፉት።

ከዚያም በኋላ ሰላም አልዋለም አላደረም። ነሐሴ 2014 በቆቦ በኩል ጦርነቱ ሲያገረሽ የወልድያ ሕዝብ ዳግም ዕቃውን ሸክፎ ነበር። ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጥቂት ወራት ተነፈስን። ወዲያው ደግሞ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በክልላችን በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተቀሰቀሰ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተነግሯል። በሐብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው መጠለያ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች ለዓመታት ኖረዋል፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተወልደው ድክ ድክ ያሉ ልጆችም አሉ።

«ሕፃን ነው፤ ምን ያስታውሳል?» እንላለን። እውነት ነው፣ የሦስት ወር ሕፃን የተኩሱን ቀን አያስታውስም። ነገር ግን በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ እናት ያሳደገችው ልጅ ድንጋጤዋን ከክንዷ ይማራል። አባቱ ወጥቶ ሲዘገይ ቤቱ ሁሉ ዝም ሲል፣ ከቤት መውጣት አደገኛ ነገር መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እኛ ልጆቻችንን ለማትረፍ ስንል ለዓመታት አጥብቀን ይዘናቸዋል። ደግም አድርገናል። አሁን ግን እጃቸውን ለቅቀን ለማያውቁት ሰው ልንሰጣቸው ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ ሁሉም ልጅ ተጎድቷል ማለቴ አይደለም። ብዙው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አልቅሶ በሁለተኛው ከጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ እናቱን ዘወር ብሎም አያያት። ይህ የየትም አገር ልጅ ጠባይ ነው። የእኛዎቹ ግን ከሌላው ይልቅ ረጋ ያለ ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል።

የአትክልት ስፍራው ምን ሆነ?

መዋዕለ ሕፃናት ለምን እንደ ተጀመረ ማወቅ ለዝግጅታችን ይረዳናል። ፍሬድሪክ ፍሮበል የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለትንንሽ ልጆች በጨዋታ የሚማሩበት ቤት ከፈተ። በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ ጠራው፤ የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ፍሮበል የሉተራን ቄስ ልጅ ሲሆን እናቱ የሞተችበት ገና ዓመት ሳይሞላው ነበር። በእሱ አሳብ ሕፃን እንደ ተክል ነው፤ አትክልተኛው ውኃና ጥላ ይሰጠዋል እንጂ ቶሎ እንዲያድግ ብሎ ከላይ አይጎትተውም። የእኛም ሰዎች «አጸደ ሕፃናት» ሲሉ ይህንኑ ነው ያሉት፤ አጸድ አትክልት የተተከለበት ቅጥር ነውና።

በአገራችንም ቢሆን የአራትና የአምስት ዓመት ልጅን ከቤት አውጥቶ ማስተማር እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ የቄስ ትምህርት ቤቱና የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን ሆነው ልጆችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ግን ለረጅም ጊዜ የከተማ ልጅ ዕድል ብቻ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዓላማውን ቢያስቀምጥም ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለእምነት ተቋማትና ለኅብረተሰቡ የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በመላ አገሪቱ ዕድሜያቸው ከደረሰ መቶ ሕፃናት ውስጥ ዕድሉን ያገኙት አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በዚያው በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ሦስት መንገዶችን አስቀመጠ። አንደኛው መደበኛው መዋዕለ ሕፃናት ነው። ሁለተኛው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የሚከፈተው «ዜሮ ክፍል» ነው። ሦስተኛው «ከልጅ ለልጅ» የተባለው፣ ከፍ ያሉ ተማሪዎች በሰፈራቸው ያሉ ትንንሾችን በጨዋታ የሚያስተምሩበት ነው። በዜሮ ክፍል ምክንያት ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ እጥፍ አደገ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ትምህርቱም በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል።

በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በከተሞቻችን የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ወላጅ ኬጂ የሚመርጠው በሚያስተምረው እንግሊዝኛ ብዛት ሆኗል። የአራት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ይፈተናል፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። ጣቶቹ እርሳስ ለመያዝ ገና ሳይጠኑ አንድ ገጽ ሙሉ ፊደል እንዲገለብጥ ይታዘዛል። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። በአማርኛ «አመመኝ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «መታኝ» ብሎ ለመምህርቱ መናገር ያልደፈረ ልጅ የእንግሊዝኛ ዘፈን ቢያነበንብ ምን ይጠቅመዋል? ጥፋቱን በመምህራኑ ላይ ብቻ አልጭነውም። በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ልጆች ይዛ በአነስተኛ ደመወዝ የምትለፋ መምህርት ወላጅ የጠየቃትን ነው የምትሰጠው። ስለዚህ የምንጠይቀውን መለወጥ ያለብን እኛ ነን።

«ከረሜላ ገዝቼልህ እመጣለሁ»

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ነሐሴ 2013 ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሆና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር ወደ ደሴ ስትወጣ እኔ አሮጊት እናቴን ጥዬ መሄድ ስላልቻልኩ ወልድያ ቀረሁ። መኪናው ሲነሣ ልጄ በመስኮት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። «ነገ እመጣለሁ» አልኳት። እንደማልመጣ አውቅ ነበር። ልጄን እንደገና ያየኋት ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ደብረ ብርሃን ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ እናቷ ወንድሟን ወልዳ ታቅፋለች።

ዓመታት አለፉ። መስከረም 2018 ይህንኑ በስደት የተወለደ ልጅ ኬጂ ይዤው ሄድኩ። አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ይቀረው ነበር። በሩ ላይ ሱሪዬን ጨምድዶ ያዘ። ስብሰባ ነበረብኝና ቸኮልኩ፤ «ሱቅ ደርሼ ከረሜላ ገዝቼልህ እመጣለሁ» ብዬው፣ መምህርቷ ስታባብለው ተደብቄ ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ዘበኛው «ጋሼ፣ ከበሩ አልነቃነቅ ብሎን ዋለ» አለኝ። ምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ማታ ነገሩን ለባለቤቴ ሳጫውት ታላቂቱ ሰምታ፣ «አባዬ፣ ለእኔም ያኔ ነገ እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችና ወደ ጥናቷ ተመለሰች። ከአራት ዓመት በላይ ይዛው ኖራለች። በማግሥቱ ልጁ ጫማውን ሊያደርግ እንኳ እንቢ አለ፤ እስኪለምድም ከአንድ ወር በላይ ፈጀብን።

ይህን ማታለል የማናውቅ የለንም። እናቶቻችንም አድርገውብናል። አዘናግቶ መሄድ ለወላጅ ይቀልለዋል፤ ልቅሶውን አይሰማምና። ልጁ ግን ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ዓይኔን ከነቀልኩ እናቴ ትጠፋለች ይላል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ጨዋታም ሆነ መጽሐፍ አያዘናጋውም፤ በሩን ብቻ ያያል። ሁለተኛ፣ «እመጣለሁ» የሚለው ቃል ዋጋ የሌለው ቃል መሆኑን ይማራል። በሌላ አገር ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። «እመጣለሁ» ብለው ያልመጡ አባቶችና ወንድሞች ባሉበት አገር ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

በር ላይ ማድረግ የሚገባን ቀላል ነው። እውነቱን መናገር፣ አጭር መሰናበት፣ በተባለው ሰዓት መምጣት። የአራት ዓመት ልጅ ሰዓት አያውቅም፤ ስለዚህ «በስድስት ሰዓት» ከማለት «ምሳ ዕቃህን ትበላለህ፣ ከዚያ ትጫወታላችሁ፣ ደወል ሲደወል እኔ በሩ ላይ ነኝ» ማለት ይሻላል። ስሙት፣ እጅ ንሱትና ሂዱ። ቢያለቅስም ሦስት ጊዜ እየተመለሳችሁ አትዩት፤ መመላለሳችሁ እናንተም እንደ ፈራችሁ ይነግረዋል። ደወል ሲደወል ግን በሩ ላይ ተገኙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አምስት ደቂቃ መዘግየት እንኳ ለእሱ ብዙ ነው።

ሐና ሳሙኤልን እንዴት አዘጋጀችው?

ልጇን ለሌላ ሰው አሳልፋ የሰጠች እናት በመጽሐፍ ቅዱስ ስንፈልግ ሐና ትመጣልናለች። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ስዕለቷ ነው። እኔ ግን ልብ እንድትሉት የምፈልገው አካሄዷን ነው። ባልዋ ለዓመቱ መሥዋዕት ሲወጣ አብራ አልወጣችም፤ ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ ቤት ቆየች (1ኛ ሳሙ. 1፥21-23)። በዚያ ዘመን ልጅ ጡት የሚተወው በሦስት ዓመት ገደማ እንደ ነበር ተንታኞች ይናገራሉ። አልቸኮለችም፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ አላዘገየችም። ራሷ ይዛው ሄደች፤ ለሚቀበለውም ሰው የልጁን ታሪክ ነግራ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ይዛለት ትመጣ ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ያ መደረቢያ ከዓመት ዓመት መስፋት ነበረበት። ልጁ በሌለበት ምን ያህል እንዳደገ የምታስብ እናት የሠራችው ልብስ ነው። ሳሙኤል እናቱ ስትሄድ እንደምትመለስ ያውቅ ነበር።

ተቀባዩንም እንይ። ዔሊ በገዛ ልጆቹ ያልተሳካለት ሰው ነው። ሆኖም ሕፃኑ በሌሊት ሦስት ጊዜ ሲቀሰቅሰው አልተቆጣውም፤ እንዲተኛ መለሰው፤ በመጨረሻም እንዴት መልስ እንደሚሰጥ አስተማረው (1ኛ ሳሙ. 3)። ለልጆቻችን የምንመርጠው መምህር ቢያንስ ይህ ትዕግሥት ያለው ይሁን።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ከዚህ በታች ያሉት ገንዘብ የማይጠይቁ ዝግጅቶች ናቸው። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ብትጀምሯቸው ይደርሳሉ።

1. መለያየትን በትንሽ በትንሹ አለማምዱ። ልጁን ለምትቀርባችሁ ጎረቤት ዐሥር ደቂቃ ትታችሁት ሂዱና በተናገራችሁት ጊዜ ተመለሱ። ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት አድርጉት። በተመለሳችሁ ቁጥር «እመጣለሁ ብዬህ አልነበር? ይኸው መጣሁ» በሉት። ከፊደል በፊት የሚጠናው ትምህርት ይህ ነው።

2. ቦታውንና መንገዱን ቀድማችሁ አሳዩት። ግቢው ጸጥ ባለበት ቀን ውሰዱት፤ መጸዳጃ ቤቱንና የውኃ ቧንቧውን ይይ፤ መምህርቷን በስሟ ይወቅ። ከደሴ ወደ መቐለ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወልድያንም መርሳንም አቋርጦ ያልፋል፤ ባጃጁና አይሱዙው ብዙ ነው። ትልቅ ሰው ሳይዘው እንደማይሻገር እየሄዳችሁ አስተምሩት።

3. ራሱን የሚረዳበትን ሙያ ስጡት። ሱሪውን ዝቅና ከፍ ማድረግ፣ ከመጸዳጃ በኋላ በሳሙና መታጠብ፣ ጫማውን ማጥለቅ፣ አፍንጫውን መጥረግ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን መክፈት። ይህን የቻለ ልጅ በክፍል ውስጥ አያፍርም። ክዳኑ ጠብቆበት ሳይበላ የሚውል ልጅ ስንት አለ!

4. ማንነቱን ይወቅ። የራሱን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ ሰፈሩን፣ ቢቻል የስልክ ቁጥራችሁን በዜማ አስጠኑት። ማን ሊወስደው እንደሚመጣ ሁለት ሰው ብቻ ወስኑ፤ ስማቸውን ለመምህርቷም ለልጁም ንገሩ። ከሁለቱ ውጭ «አባትህ ልኮኝ ነው» ከሚል ሰው ጋር እንዳይሄድ በግልጽ ንገሩት።

5. የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ እዩ። ልጅ በስድስት፣ በዐሥርና በዐሥራ አራት ሳምንት የሚወስዳቸው ክትባቶች አሉ፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በዘጠኝና በዐሥራ አምስት ወር ይሰጣል። በ2014 የተወለዱ ልጆቻችን እነዚህ ቀኖች የደረሱባቸው ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈው በነበሩበት ወይም ገና በሚያገግሙበት ጊዜ ነው። ካርዱ ከጠፋ ወይም ክፍት ቦታ ካለው ልጁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ብዙ ልጅ በአንድ ክፍል ሲታጎር ኩፍኝ ቶሎ ይዛመታል። የልደት ምስክር ወረቀት ያላወጣችሁለትም በዚሁ አጋጣሚ ቀበሌ ድረሱ።

6. በትምህርት ቤት አታስፈራሩት። «ቆይ፣ ትምህርት ቤት ግባ፤ መምህርቷ ትገርፍሃለች!» የሚለው ቃል ከአፋችን ይውጣ። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ገራፊ መምህር ካለ በጨዋ ቋንቋ ለርእሰ መምህሩ መናገር የወላጅ ግዴታ ነው።

7. አጫውቱት፤ አውሩት። ማታ መብራት ሲጠፋ ተረት ንገሩት፤ እንቆቅልሽ ጠይቁት። ጭቃ ያድቦልቡል፤ ጠጠር ይቁጠር፤ ሽንኩርት ሲላጥ አብሮ ይላጥ። ጣቶቹ የሚጠኑት፣ ምላሱ የሚፈታው በዚህ ነው። አማርኛችን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ የፊደል ቅርጾች አሉት፤ በጊዜያቸው ይደርሳሉ።

እንቅልፍንም አትርሱ። ትምህርት ሳይጀመር ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጁ በጊዜ ይተኛ፤ በጊዜ ይነሣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልጁ ትምህርት ከጀመረ ከብዙ ሳምንታት በኋላም ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት የተመለሰበት፣ ወይም ጭራሽ መናገር የተወ ከሆነ አትቆጡት፤ «አጉል ሞልቀቅክ» አትበሉት። ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ጸልዩለትም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መንገድ ሲዘጋስ?

«ፓስተር፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነገ መከፈቱን ማን ያውቃል?» የሚለኝ ሰው አለ። ትክክል ነው። በእኛ አካባቢ መንገድ ተዘጋ የሚባልበት፣ ተኩስ የሚሰማበት ቀን እንዳለ ደብቀን ማውራት አንችልም። በእንዲህ ያለ ቀን ለልጁ አጭር እውነት ንገሩት፤ «ዛሬ መንገዱ ጥሩ ስላልሆነ ቤት እንውላለን፤ ሲከፈት እንሄዳለን» በሉት። ትልልቆቹ የሚያወሩትን ወሬ ሁሉ በፊቱ አታውሩ። በዚያም ቀን ፊቱን ታጥቦ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ በቤት ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጥና ይጫወት። የለመደው ነገር ሳይቋረጥ ሲቀጥል ልጅ ይረጋጋል።

«ከልጅ ለልጅ» የተባለው ያ የ2002ቱ አሳብም ለዚህ ይጠቅመናል። በየቤታችን አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሱ፣ ትምህርት ተዘግቶባቸው ቤት የዋሉ ልጆች አሉ። ሦስት ጎረቤታሞች ተነጋግረው ትንንሾቹን በአንድ ግቢ ቢያሰባስቡ፣ ትልልቆቹ በአንድ እናት ጥበቃ ሥር መዝሙር፣ ቆጠራና ተረት ቢያጫውቷቸው ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ሌላም ነገር አለ። በተዘጉት ዓመታት ምክንያት ሰባትና ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ገና ትምህርት ያልጀመሩ ልጆች አሉ። እነዚህ ከአምስት ዓመቶቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያፍራሉ። «አርጅተህ ኬጂ ገባህ» የሚል ቀልድ በቤታችን አይሰማ። የዘገዩት በራሳቸው ጥፋት አይደለምና።

የአብያተ ክርስቲያናት ድርሻ

የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ረገድ ያላቸው ሀብት ጥቂት አይደለም። በሳምንት ውስጥ ለአምስት ቀን ባዶውን የሚውል አዳራሽና ግቢ አለን። ልጆችን መያዝ የለመዱ የእሑድ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች አሉን። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጠዋት ግቢያችንን ብንከፍት፣ አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ያለ እናታቸው አንድ ሁለት ሰዓት መዋልን ይለማመዳሉ። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ምንጣፍ፣ ኳስ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ ሁለት ታማኝ ሴቶች። ጥበቃውም የታወቀ ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር ዝግ ክፍል አይቀመጥ፤ ልጁን ያመጣው ሰው ብቻ ይውሰደው።

ይህንን ለአባሎቻችን ልጆች ብቻ አናድርገው። በወሎ የአንዱን ልጅ ሌላው ሲያሳድግ ኖሯል። እኔ ስብሰባ ሲኖርብኝ ልጄን ከበሩ የምትቀበልልኝ ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። በስደቱ ጊዜ ልጆቻችንን ያበላ ሰው ሃይማኖታችንን አልጠየቀንም። የጎረቤታችንንና የተፈናቃዩን ልጅ ስንቀበልም ልንረዳው ብቻ ይሁን፤ የወላጆቹን እምነት የምንነካበት ማጥመጃ አናድርገው። ደብተር ለማደል ፎቶ ከማንሣት ይልቅ ምሳ ዕቃና ጫማ የሌለውን ልጅ ቤተሰብ በጸጥታ ጠይቀን ብንሰጥ ደግሞ የተሻለ ነው።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ልጅን ኬጂ ማድረስ የእናት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። አባቱን ለወራት ያጣ ልጅ ጠዋት በአባቱ እጅ ተይዞ ሄዶ በአባቱ እጅ ተይዞ ሲመለስ ግን የሚጠገን ነገር አለ። እኔ በራሴ ልጅ አይቼዋለሁ።

ለዚያች እናት ምን አልኳት?

«ኤቢሲዲው ይቆይ፤ እስከ መስከረም ድረስ አንድ ነገር ብቻ አስጠኚው» አልኳት። «ምኑን?» አለች። «ስትሄጂ እንደምትመጪ» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ኅዳር 2014 ልጁን በወለደች በሳምንቱ ባልዋ ምግብ ሊፈልግ ወጥቶ ሳይመለስ እንደ ቀረ ያኔ ነው የነገረችኝ። ልጇን እንዳያለቅስ ብላ ሁልጊዜ ተደብቃ እንደምትወጣበትም ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት በጎረቤት ቤት በዐሥር ደቂቃ ጀመሩ።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሊለያቸው ሲል ተደብቆ አልሄደም። እንደሚሄድ በግልጽ ነገራቸው፤ እንደ ሙት ልጆች እንደማይተዋቸውና ተመልሶ እንደሚመጣም አስታወቃቸው (ዮሐ. 14፥18)። ይህን ቃል ታምነን የምንኖር ሰዎች ለአራት ዓመት ልጅ የሰጠነውን ትንሽ ቃል ልንጠብቅ ይገባናል። እንግዲህ መስከረም ሲጠባ በየበሩ ላይ «እመጣለሁ» ስንል ደወሉ ሳይደወል እንድረስ።

ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅ፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥ።